ካሃል፦ ያላለቀውን አንጎል የመረጠ ሰው



ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ማህበራችን ቅዳሜና እሁድ ለሰፈር ልጆች ቁርኣንና የትምህርት ቤት ትምህርት ያስጠናል። ባለፈው ሴሚስተር በአስተማሪዎቹ መካከል አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር። ቶሎ የማይይዙ፣ የሚረብሹና መስኮት መስኮቱን የሚያዩ ልጆችን ምን እናድርጋቸው? ግማሾቻችን እኛ ራሳችን በአለንጋ ነው የተማርነው፣ ምንም አልሆንንም አልን። ግማሾቻችን ተቃወምን። ክርክሩ ሳይቋጭ አንዲት የሕክምና ተማሪ እህታችን ስለ ሕፃናት አንጎል እድገት ገለጻ እንድታደርግልን ተስማማን።

እህታችን ስለ ቅጣት አንድም ቃል ሳትናገር ስለ ህዋስ ብቻ ነገረችን። የአንጎል ህዋሶች አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገሩት በኬሚካል ነው። ኬሚካሉን የሚቀበሉት በህዋሱ ገላ ላይ የተተከሉ፣ ሪሴፕተር ወይም ተቀባይ የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። እነዚህ ተቀባዮች በፅንስ፣ በሕፃንና በአዋቂ አንጎል ውስጥ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንጎል ሲያድግ አንዱ ይቀንሳል፣ ሌላው ይበዛል፣ አንዳንዱም ሥራውን ይለውጣል። ከኢንጂነሪንግ የመጣን ተማሪዎች አንድ ነገር አልገባንም። በህዋስና በህዋስ መካከል ክፍተት እንዳለ፣ መልእክት መሻገር እንዳለበት መጀመሪያ ማን አወቀ? እህታችን የአንድ ስፔናዊ ስም ጠቀሰችልን፤ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል። ከዚያ ወዲህ ታሪኩን ስናነብ ከረምን። የሰውየው ሕይወት ለነርቭ ጥያቄያችን ብቻ ሳይሆን ለቅዳሜው ክርክራችንም መልስ የያዘ ሆኖ ስላገኘነው እነሆ አቀረብንላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ረባሹ ልጅ

ካሃል ግንቦት 1 ቀን 1852 በሰሜን ስፔን ፔቲያ ዴ አራጎን በምትባል ተራራማ መንደር ተወለደ። አባቱ ከድሃ ገበሬ ቤት የወጣ፣ በፀጉር አስተካካይና ቁስል አካሚ ቤት በረዳትነት የሠራ፣ በኋላም በብርቱ ጥረት ተምሮ ሐኪም የሆነ ሰው ነበር። እንዲህ ተፍጨርጭሮ የወጣ አባት ልጁ ሲያባክን ማየት አይወድም። ልጁ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ይወድ ነበር፤ ሥዕል። ወረቀት ላይ፣ መጽሐፍ ጥግ ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ ባገኘው ነገር ሁሉ ላይ ይሥላል። አባቱ እርሳሱን ይቀማዋል፤ እሱ ተደብቆ ይሥላል።

አባትየው አንድ ቀን ነገሩን በባለሙያ ሊያስፈርድ ፈለገና የልጁን ሥዕል የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሊቀባ ለመጣ ሠራተኛ አሳየ። ሠራተኛው ልጁ ምንም ተሰጥኦ የለውም ብሎ ፈረደ። በዚህ ጉዳዩ ተዘጋ። ከዚያ ካሃል መነኮሳት ወደሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ተላከ። እዚያ ላቲን በቃል ይጠናል፤ የተሳሳተ ይገረፋል፣ ይቆለፍበታል፣ ምግብ ይከለከላል። ካሃል በዚያ ዘዴ ምንም አልያዘም። ሲያረጅ የሕይወት ታሪኩን በጻፈበት ጊዜ እንኳ ምሬቱ አልለቀቀውም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ራሳችንን ጠየቅን። እኛም በቃል ስንይዝ ያደግን ነን፤ ሉሕ ላይ ጽፈን፣ አጥበን፣ ደግመን ጽፈን። በቃል መያዝ እንዳልጎዳን እናውቃለን። ካሃልንም የጎዳው በቃል መያዙ ብቻ አይመስለንም። በዓይኑና በእጁ የሚማር ልጅ መሆኑን ያየለት ሰው አልነበረም። ስለዚህ ያ ጉልበቱ ሌላ መውጫ ፈለገ። በ11 ዓመቱ ከእንጨት መድፍ ሠርቶ የጎረቤትን በር ሰበረና ጥቂት ቀናት ታሰረ። አባቱ ተስፋ ሲቆርጥ አንድ ጊዜ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ፣ ሌላ ጊዜ ጫማ ሰሪ ዘንድ አስቀጠረው።

ነገሩ የተለወጠው በ1868 በጋ ነው። አባቱ የሰው አካል አወቃቀር ሊያስተምረው ወሰነና ወደ አሮጌ መቃብር ስፍራዎች እየወሰደ የተጣሉ አጥንቶችን አብረው ለቀሙ። አጥንቱን በእጁ ይዞ፣ አገላብጦ አይቶ፣ ከዚያ እንዲሥለው ተፈቀደለት። ከማንም ትምህርት ቤት የማይማረው ልጅ አጥንትን በየጉብታውና በየቀዳዳው አጠናው። ሥዕልና ሕክምና በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ፤ አባትና ልጅም በዚያው ታረቁ። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ የተለወጠው ትምህርቱ የሚቀርብበት መንገድ ነው።

ጦርነት፣ በሽታና አንድ ማይክሮስኮፕ

ካሃል በ1873 ከሳራጎሳ በሕክምና ተመረቀ። የእስልምና ታሪክ ለሚያነብ ሰው ይህች ከተማ እንግዳ አይደለችም። በአንዳሉስ ዘመን ሰረቁስጣ ተብላ ለአራት መቶ ዓመታት ያህል በሙስሊሞች አስተዳደር ሥር የኖረች፣ ሐኪሙና ፈላስፋው ኢብን ባጃህ የተወለደባት ከተማ ናት። በካሃል ዘመን ግን ስፔን በሳይንስ ከአውሮፓ ኋላ የቀረች አገር ነበረች። አዲስ ነገር የሚጻፈው በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ ነው፤ በስፓኒሽ የተጻፈውን የሚያነብ የውጭ ምሁር ብዙም አይገኝም።

ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ ለውትድርና ተጠራና በ1874 የጦር ሐኪም ሆኖ ጦርነት ወደ ነበረባት ኩባ ተላከ። በረግረጋማ ስፍራ ባለ የጦር ሆስፒታል ሲያገለግል ወባና ተቅማጥ ያዙት። ለበሽተኞች የተመደበውን ምግብ የሚዘርፉ ሰዎችን ስለተቃወመም ከአለቆቹ ጋር ተጣላ። በ1875 ከስቶና ገርጥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከአገልግሎቱ ያገኘውን ገንዘብ ይዞ ያደረገው ነገር ግን የወደፊት ሕይወቱን ወሰነው። የገዛ ገንዘቡን አውጥቶ ማይክሮስኮፕ ገዛ፣ ቤቱ ውስጥም ትንሽ ቤተ ሙከራ አቋቋመ። በ1878 ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ደም መትፋት ጀመረ፤ ከሞት ተርፎ በቀጣዩ ዓመት ሲልቬሪያ ፋኛናስን አገባ። ሰባት ልጆች ወለዱ። በትንሽ ደመወዝ ቤት የመራችው፣ ባሏ ለመጽሐፍና ለኬሚካል የሚያወጣውን ወጪ የቻለችው እሷ ናት። ያለ እሷ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር።

በ1883 በቫሌንሲያ ዩኒቨርሲቲ የአናቶሚ መምህርነት አገኘ። በ1885 የኮሌራ ወረርሽኝ ሲገባ የሳራጎሳ አስተዳደር ስለ በሽታው እንዲያጠናለት ጠየቀው። ሥራውን በትጋት ፈጸመ፤ አስተዳደሩም በምስጋና አንድ ዘመናዊ የዛይስ ማይክሮስኮፕ ሸለመው። በጀርመን ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ካሉት ተመራማሪዎች ጋር እኩል የሚያይበት ዓይን ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ጥቁሩ ቀለም

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። አንጎልን በስሱ ቆርጣችሁ ማይክሮስኮፕ ሥር ብታደርጉት የምታዩት የተጠላለፈ ጭጋግ ነው። አንድ ህዋስ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያበቃ አይለይም። ለእኛ ለኤሌክትሪክ ተማሪዎች ነገሩ በሺህ የሚቆጠሩ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሽቦዎች የተጠቀጠቁበት ሳጥን እንደ መክፈት ነው። ሁሉም ቀለም ቢቀባ ምንም አይታይም፤ ምንም ባይቀባም አይታይም። የሚያስፈልገው ከብዙዎቹ ጥቂቶቹን ብቻ፣ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቀልም ነገር ነው።

ይህን ነገር ያገኘው ጣሊያናዊው ሐኪም ካሚሎ ጎልጂ ነው። በ1873 በአንድ የጽኑ ሕሙማን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ባቋቋመው ቤተ ሙከራ የአንጎልን ቁራጭ በፖታሺየም ዳይክሮሜት አደደረና በሲልቨር ናይትሬት ነከረው። ውጤቱ ቢጫማ መደብ ላይ እንደ ጥቁር ዛፍ የቆሙ ጥቂት ህዋሶች ሆነ። ከብዙ ህዋሶች ጥቂቶቹ ብቻ ይጠቁራሉ፤ የጠቆሩት ግን ከነቅርንጫፋቸው ይታያሉ። ዘዴው ግን አመለኛ ነው። አንድ ቀን ይሠራል፣ ሌላ ቀን እምቢ ይላል። ስለዚህ አብዛኞቹ ምሁራን ለዓመታት ችላ ብለውት ቆዩ።

ጎልጂ ራሱ ያየውን ሲተረጉም በዘመኑ የተለመደውን አመለካከት ተከተለ። የነርቭ ክሮች እርስ በርስ ተጋጥመው አንድ ያልተቆረጠ መረብ ይሠራሉ፣ መልእክትም በመረቡ ውስጥ እንደ ውሃ በቧንቧ ይፈሳል የሚል ነው። በዚህ አመለካከት አንጎል ውስጥ ለብቻው የቆመ ህዋስ የለም፤ ስለዚህም ክፍተት የለም፤ ክፍተት ከሌለም ተቀባይ የሚባል ነገር ቦታ የለውም።

ካሃል የጎልጂን ዘዴ ያየው በ1887 ማድሪድ ውስጥ ነው። ሉዊስ ሲማሮ የሚባል ሐኪም ከፓሪስ ያመጣውን ናሙና አሳየው። ካሃል በዚያች ምሽት ያያቸውን ጥቁር ህዋሶች ከዚያ በኋላ አልረሳቸውም። በዚያው ዓመት ወደ ባርሴሎና ተዛውሮ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ ወደዚህ ገባ። በጣም የሚወደውን ቼዝ እንኳ ምሽቱን ስለበላበት ተወው።

ለምን ፅንስ?

መጀመሪያ ዘዴውን አሻሻለ። አንድ ጊዜ ብቻ ከመንከር ይልቅ ደጋግሞ ነከረ፤ ቁራጮቹንም ወፈር አድርጎ ቆረጠ። ትልቁ ውሳኔው ግን ሌላ ነው። ሌሎች የአዋቂ እንስሳትን አንጎል ሲያጠኑ እሱ ወደ ጫጩት ሽሎችና ወደ አዲስ የተወለዱ ትናንሽ አጥቢ እንስሳት ዞረ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው አዋቂ አንጎል ጫካ ነው፤ ዛፎቹ አድገው ቅርንጫፎቻቸው ተቆላልፈዋል። ፅንስ ግን ችግኝ ጣቢያ ነው፤ እያንዳንዱ ህዋስ ለብቻው ቆሞ ይታያል፣ ርቀቱም አጭር ስለሆነ ክሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው መከተል ይቻላል። ሁለተኛው ደግሞ አዋቂ የነርቭ ክሮች ብዙዎቹ ማየሊን የሚባል የስብ ሽፋን አላቸው፤ ልክ የኤሌክትሪክ ሽቦ ፕላስቲክ እንደሚለብስ ማለት ነው። የጎልጂ ቀለም ሽፋኑን አያልፍም። ፅንስና አራስ ግን ሽፋኑን ገና አልለበሱም፤ ስለዚህ ክሩ ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል።

ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ግን በዚያ ዘመን ያላለቀ አንጎል የሚታየው እንደ ጎደሎ ነገር ነው፤ ሙሉውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሙሉውን ያጠናል ተብሎ ይታሰባል። ካሃል ነገሩን ገለበጠው። ያለቀው ነገር አሠራሩን ይደብቃል፤ በመሠራት ላይ ያለው ግን ያሳያል። አንድ ሕንፃ እንዴት እንደቆመ ለማወቅ ቀለም ከተቀባ በኋላ ከማየት ብረቱ ታስሮ ኮንክሪቱ ሳይፈስ ማየት እንደሚሻል ማንኛውም የሲቪል ተማሪ ይነግራችኋል።

በ1888 ያየውን ጻፈ። በወፎች የኋለኛ አንጎል ውስጥ የአንዱ ህዋስ ክር ወደ ሌላው ህዋስ ቀርቦ፣ ገላውን እንደ ቅርጫት ዙሪያውን አቅፎ፣ እዚያው ያበቃል። አይጋጠምም። በየትኛውም ቦታ መረብ አላየም፤ ያየው እየተጠጋጉ ግን ለየብቻ የሚያበቁ ህዋሶችን ነው። በዚያው ጊዜ በህዋሶቹ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ጽጌረዳ እሾህ ያሉ ጥቃቅን ጉጦች አየ። ሌሎች የቀለም ዝቃጭ ነው ብለው ንቀዋቸው የነበሩ ናቸው፤ ካሃል ግን የህዋሱ አካል መሆናቸውን ጸና። ዛሬ እነዚያ ጉጦች ብዙዎቹ ተቀባዮች የሚሰፍሩባቸው ስፍራዎች መሆናቸው ታውቋል።

ጽሑፉን የሚያወጣለት መጽሔት ስላልነበረ በራሱ ገንዘብ መጽሔት አቋቋመ። የመጀመሪያውን እትም 60 ቅጂ ብቻ አሳትሞ አብዛኛውን ለውጭ አገር ምሁራን ላከ። መልስ አልመጣም። ይህችን የማህበር መጽሔት በየወሩ ገንዘብ አዋጥተን የምናሳትም ሰዎች ይህን ክፍል ስናነብ ፈገግ ሳንል አልቀረንም።

ሀሳቡን የለወጠው ሽማግሌ

መልስ ካልመጣ ራሴ እሄዳለሁ ብሎ ወሰነ። በ1889 መጸው የጀርመን አናቶሚ ማህበር ስብሰባ በርሊን ላይ ነበር። ካሃል ያጠራቀማትን ይዞ፣ ናሙናዎቹን በሣጥን አድርጎ በባቡር ተጓዘ። ጀርመንኛ አይናገርም፤ ፈረንሳይኛውም ሰባራ ነበር። ሆኖም ማይክሮስኮፖቹን ደረደረና የሚያልፈውን ሁሉ ና እይ እያለ ጠራ። መጀመሪያ ላይ ሰዎች በጥርጣሬ ተመለከቱት፤ ከስፔን ምን ይመጣል የሚል ስሜት ነበር። ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ላይ ካደረጉ በኋላ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

ከእነዚያ መካከል አልበርት ፎን ኮሊከር ይገኝ ነበር። በዘመኑ በዚህ ሙያ ከእሱ በላይ የሚከበር ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ዕድሜውም 72 ዓመት ደርሷል። ኮሊከር ራሱ የመረቡን አመለካከት ይዞ የኖረ ሰው ነው። ናሙናዎቹን አየ፤ ሀሳቡን ለወጠ። ከዚያም ሙከራዎቹን ራሱ ደግሞ አረጋገጠ፣ የካሃልን ጽሑፎች ለማንበብ ሲል በስተርጅና ስፓኒሽ ተማረ፣ የወጣቱን ስም በመላው አውሮፓ አሰማ። በ1891 ጀርመናዊው ዋልዳየር የሁሉንም ሥራ ጠቅልሎ ለነርቭ ህዋስ ኒውሮን የሚለውን ስም ሰጠው።

ካሃል በ1890 ደግሞ በጫጩት ሽል የአከርካሪ ገመድ ውስጥ ከዚያ በፊት ማንም ያላስተዋለውን ነገር አገኘ። በማደግ ላይ ያለው የነርቭ ክር ጫፍ ላይ አበጥ ያለ፣ ጣቶች የመሰሉ ቀጫጭን ዘንጎች ያሉት አካል አለ። የእድገት ሾጣጣ ብሎ ሰየመው። ያየው በሞተ ናሙና ላይ ቢሆንም ይህ ጫፍ በዳሰሳ መንገዱን እየፈለገ የሚጓዝ መሆኑን ተረዳ። በ1892 ደግሞ ጫፉን የሚመራው ከመድረሻው የሚወጣ ኬሚካል ነው የሚል መላምት አቀረበ። በ1907 አሜሪካዊው ሮስ ሃሪሰን የእንቁራሪት ነርቭ ከአካል ውጭ በሕይወት ሲያድግ ተመልክቶ የጫፉን ጉዞ በዓይኑ አየ። የሚመሩት ኬሚካሎች ደግሞ ካሃል ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ በየስማቸው ተለዩ።

ስቶክሆልም፣ 1906

በ1906 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለሁለት ሰዎች በጋራ ተሰጠ፤ ለጎልጂና ለካሃል። አንዱ ዘዴውን ያገኘ፣ ሌላው በዘዴው እውነቱን ያየ። እስከዚያ ቀን ድረስ ተገናኝተው አያውቁም ነበር። ጎልጂ ንግግሩን የሚያደርግበት ተራ ሲደርስ ጊዜውን የኒውሮንን አመለካከት ለማጥቃትና የመረቡን ሀሳብ ለመከላከል ተጠቀመበት። በዚያ ጊዜ ብዙዎቹ የሙያው ሰዎች የካሃልን አመለካከት ተቀብለዋል። ካሃል በማግስቱ ተነስቶ ያየውን በሥዕሎቹ እያስደገፈ በእርጋታ አስረዳ፤ ለዘዴው ባለቤትም ክብሩን አልነፈገም።

ሁለቱም አንድ ቀለም ነበራቸው፤ ልዩነቱ ከማይክሮስኮፑ አይደለም። ጎልጂ ቀድሞ ያመነውን በቀለሙ ፈለገ። ካሃል ቀለሙ የሚያሳየውን ለማየት የሚመች ቦታ መረጠ። በማህበራችን ውስጥ ስንከራከር ብዙ ጊዜ ጎልጂን እንሆናለን፤ አንዳንዴ ግን ኮሊከርን መሆን ይቻላል።

ለፍትሕ ሲባል ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛ፣ አንዳንድ የነርቭ ህዋሶች፣ በተለይ በማደግ ላይ ባለ አንጎል ውስጥ፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች በቀጥታ እንደሚገናኙ በኋላ ታውቋል፤ ስለዚህ የመረብ ሀሳብ ምንም እውነት የሌለው አልነበረም። ሁለተኛ፣ ካሃል ራሱ በ1913 እና 1914 ባሳተመው ትልቅ ሥራ የአዋቂ አንጎል መንገዶች ያለቁና የማይለወጡ ናቸው፣ የሞተው አይተካም የሚል ጠንካራ ቃል ጽፏል። በኋላ የመጡ ጥናቶች አዋቂ አንጎልም ግንኙነቶቹን እንደሚለዋወጥ አሳይተዋል። ያላለቀውን እንደዚያ ያከበረ ሰው አዋቂውን ግን አልቋል ብሎ ዘጋው።

በክፍተቱ ውስጥ ያለው

ካሃል ክፍተት እንዳለ አወቀ እንጂ ክፍተቱን በዓይኑ አላየውም። በ1897 እንግሊዛዊው ሼሪንግተን ቦታውን ሲናፕስ ብሎ ሰየመው። በ1905 ጆን ላንግሊ በካምብሪጅ ኒኮቲን በጡንቻ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ሲያጠና በህዋሱ ላይ ኬሚካሉን የሚቀበል ልዩ ነገር መኖር አለበት ብሎ ደመደመ፤ የተቀባይ ሀሳብ የተነሳው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። በ1921 ኦቶ ሎዊ የአንዱን እንቁራሪት ልብ ነርቭ ነክቶ ፈሳሹን ወደ ሌላ ልብ ሲያፈስ ሁለተኛው ልብም ዝግ አለ፤ መልእክቱ ኬሚካል መሆኑ ተረጋገጠ። በ1950ዎቹ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመጣ ክፍተቱ ራሱ ታየ፤ ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር ሃምሳ ሺህኛ ያህል ነው።

እህታችን ወደ ነገረችን እንመለስ። ዛሬ ተመራማሪዎች የካሃልን ምርጫ ተከትለው በማደግ ላይ ያለውን አጥቢ አንጎል ሲያጠኑ ተቀባዮቹ በየዕድሜው ሲቀያየሩ ያያሉ። ሁለት ምሳሌ እንስጥ።

የመጀመሪያው ጋባ የሚባለው ኬሚካል ነው። በአዋቂ አንጎል ውስጥ ዋነኛው ፍሬን ነው፤ ተቀባዩ ሲከፈት ክሎራይድ ወደ ህዋሱ ይገባና ያረጋጋዋል። በፅንስና በአራስ አንጎል ግን ህዋሱ ውስጥ ብዙ ክሎራይድ ተከማችቷል፤ ስለዚህ ያው በር ሲከፈት ክሎራይዱ ወደ ውጭ ይወጣና ህዋሱን ያነቃቃዋል። አዋቂው ላይ ፍሬን የሆነው ሕፃኑ ላይ ነዳጅ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ክሎራይዱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ፓምፕ ቀስ በቀስ ሲበዛ ሥራው ይገለበጣል። በአይጥ አንጎል ብዙ ክፍሎች ይህ የሚሆነው ከተወለደች በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ገደማ ነው።

ሁለተኛው ለትምህርትና ለማስታወስ ወሳኝ የሆነው ኤንኤምዲኤ የሚባለው ተቀባይ ነው። ተቀባዩ ከተለያዩ ክፍሎች ይገጣጠማል። ከውልደት በፊትና ወዲያው በኋላ የሚበዛው ግሉኤን-2ቢ የሚባለው ክፍል ነው፤ እሱ ያለበት በር ተከፍቶ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ከውልደት በኋላ ግሉኤን-2ኤ እየበዛ ይመጣል፤ እሱ ያለበት በር ቶሎ ይዘጋል። ቅያሬው ደግሞ በሰዓት ብቻ የሚመራ አይደለም። በጨለማ ባደጉ የአይጥ ግልገሎች የእይታ አንጎል ውስጥ ቅያሬው ይዘገያል፤ ወደ ብርሃን ሲወጡ ግን በፍጥነት ይካሄዳል። የሚያዩት ብርሃን ራሱ አንጎላቸውን ከሚሠሩት እጆች አንዱ ነው።

ስለዚህ የሕፃን አንጎል የአዋቂ አንጎል አነስተኛ ቅጂ አይደለም፤ በየጊዜው ሌላ ሕግ የሚሠራበት፣ በሚያየውና በሚሰማው እየተገነባ ያለ ነገር ነው።

ወደ ቅዳሜው ክርክር

ካሃል በ1922 ከዩኒቨርሲቲ ጡረታ ወጣ፤ ማይክሮስኮፑን ግን አልተወም። ሚስቱ በ1930 አረፈች። እሱ ጥቅምት 17 ቀን 1934 ማድሪድ ውስጥ በ82 ዓመቱ አረፈ። በሺህ የሚቆጠሩ የነርቭ ህዋስ ሥዕሎችን ትቷል፤ ዛሬም በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ይታያሉ። ምንም ተሰጥኦ የለውም የተባለው ልጅ በእጁ የሣላቸው ናቸው።

በአለንጋው ጉዳይ ሳይንሱ ያላለውን ልናስብለው አንፈልግም። የአይጥ ተቀባይ ስለ ቅዳሜ ክፍላችን ፍርድ አይሰጥም። የካሃል ሕይወት ግን አንድ ነገር አሳይቶናል። አንዱ ልጅ በግርፊያ ላቲን አልያዘም፤ ያው ልጅ አጥንት በእጁ ሲሰጠው ሁሉንም ያዘ። እኛ ምንም አልሆንንም ስንል ደግሞ የምንቆጥረው እዚህ የደረስነውን ብቻ ነው። አብረውን ሉሕ ይዘው ቁጭ ብለው የነበሩ፣ አንድ ቀን ተገርፈው ሄደው ያልተመለሱ ልጆች ነበሩ። ሁላችንም ቢያንስ የአንዱን ስም እናስታውሳለን። እነሱ በዚህ ግቢ ውስጥ የሉም፤ በክርክሩም ላይ አልተገኙም።

ከገለጻው በኋላ ባደረግነው ስብሰባ በሚቀጥለው ሴሚስተር በክፍላችን አለንጋ እንዳይገባ ተስማማን። ሁላችንም አልወደድነውም። ቶሎ ለማይዙ ልጆች በየሳምንቱ አንድ አስተማሪ ተመድቦ ልጁ በምን እንደሚማር፣ በጆሮው ይሁን በዓይኑ ወይስ በእጁ፣ እያየ እንዲመዘግብ ወሰንን። መስኮት መስኮቱን የሚያየው ልጅ ምን እንደሚያይ እስካሁን ማናችንም ጠይቀነው አናውቅም፤ ኢንሻአላህ በመጪው ቅዳሜ እንጠይቀዋለን።

በማስጠናቱ መሳተፍ የምትፈልጉ ከዐስር ሶላት በኋላ ኑ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።